ሰባተኛው ጉድጓድ

ከቢስቲማ በታች፣ ቆላው ሲጀማምር፣
ግራር የበዛበት፣ ድንጋይ የሚያሳርር፣
አንድ ዳገት አለ፣ ስም ያልወጣለት ምድር።
ስም ያለው አውሬው ነው።
አዋልዲጌሳ ነው፤
መቃብር ቆፋሪ፣ ብለን የሰየምነው፣
ሌት ብቻ እየወጣ፣ በዐይን ያላየነው።
ጆሮው የአህያ ነው፣ አፍንጫው የአሳማ፣
ሲባል ሰምቻለሁ፣ ካየ ሰው ከሰማ።
ሸህ ሙዘይን ብቻ፣ «ተዉት» ይሉ ነበር፤
«ምስጥ ነው የሚበላ፣ ምን ሊያደርግ መቃብር?»
ሳቅን። እሳቸውም፣ ሳቁ ከኛ ጋር።

አምና በጥቅምት ላይ፣ የጦይባ አህያ፣
ጨው ጭና ስትመጣ፣ ከባቲ ገበያ፣
እግሯ ጉድጓድ ገብቶ፣ እንደ እንጨት ጧ አለ፤
ጨዉም ከነጆንያው፣ ካፈር ተቀላቀለ።
ጦይባ አላለቀሰችም፤ ጎንበስ እንዳለች፣
እስኪመሽ ካቧራው፣ ጨው ትለቅማለች።

እኔ ነኝ ያን ለታ፣ ደሜ የፈላብኝ፣
ድንጋይ የተሸከምኩ፣ ማንም ሳያዘኝ።
አንዱን ደፈንኩ። ሁለት።
ሦስተኛውን ደግሞ፣ በእሾህ ጠቀጠቅኩት፤
አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣
እንደ ቁስል አፉን፣ አንድ ባንድ ዘጋሁት።
ሰባተኛው ቀረ።
ለምን እንደቀረ፣ ከጠየቃችሁኝ እውነት፣
ርኅራኄ አይደለም፤
ወገቤን አሞኝ ነው።
ነገ እመለሳለሁ፣ አልኩና ረሳሁት።

እሳቱም የኔ ነው። ልናገር፣ ይውጣልኝ።
የካቲት ሲያበቃ፣ ማር ቆርጬ ማምሻ፣
ከችቦዬ አንዲት ፍም፣ ከጭሱ መጨረሻ፣
ወደቀች ከሣሩ።
በጫማዬ ረገጥኩ፣ መሰለኝ የሞተች፤
ለካ ነፋስ እስኪመጣ፣ ዐይኗን ጨፍናለች።
ሁለት ቀን ነደደ፤ ሰው በቅጠል መታው፣
የጀሪካን ውሃ፣ ምራቅም አልሆነው፤
በሦስተኛው ሌሊት፣ ራሱ ሰለቸው።

ጧት ብቻዬን ወጣሁ።
አመዱ እንደ ዱቄት፣ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል፤
ድንጋዩ አሁንም፣ እግር ይለበልባል።
ከመጀመሪያው አፍ፣
ኤሊ አገኘሁኝ፣ እንደ ሸክላ ከስላ፣
ጥፍሯን በድንጋዬ፣ መካከል ተክላ።
ከሦስተኛው ደጃፍ፣ ጥንቸል ከነልጆቿ።
አልቆጠርኩም ሌላ።

ሰባተኛው ብቻ፣ አልተዘጋም አፉ፤
የባቲን ሰኞ መንገድ፣ ይመስላል ደጃፉ።
ጃርት ወጥታ ሄዳለች፣ እሾኋን ስትጎትት፤
እባብ አጠገቧ፣ ሆዱን ስቦበት፤
አርጃኖ በጭራው፣ አመዱን ሰንጥቆት።
ቆቅ ከነጫጩቷ፣ ሸለምጥማጥ ደግሞ፣
እንዴት አደሩ ጃል፣
ጥርስ ከላባ ጋራ፣ ባንድ ጎን ተጋድሞ?
ሁሉም ጆሮ ሆኖ፣ ከላይ እያደመጠ፣
በጭንቅላቱ ላይ፣ ግራር ሲፈነዳ፣ እሱ አመለጠ።
ይኽን ቤት የሠራው፣ ኪራይ አልጠየቀ፣
እንግዳ ማደሩን፣ አይመስለኝም ያወቀ፤
ለራሱ ቆፍሮ፣ ምስጡ ሲያልቅ ራቀ።
ተንበርክኬ እጄን፣ ብሰድ እስከ ክንዴ፣
ቀዝቃዛ ነው አፈሩ።
ክረምት ነው እንዴ?

መቃብር ቆፋሪ።
ይህ ስም የማን ኖሯል? አፌ ላይ መረረኝ።
ወደ ስድስቱ ዞርኩ፤
ድንጋዬን ሳነሳ፣ መዳፌን ፈጀኝ።

ጦይባ ደረሰች፣ ጀሪካን አዝላ።
«ምን እየሠራህ ነው?»
ነገርኳት ሁሉንም፣ ችቦውንም ጭምር።
ዝም አለች።
«አህያዬስ?» አለች፣ ቆየት ብላ።
መልስ አልነበረኝም።
እሷው ናት ያመጣች፣ ነጭ ድንጋይ ከወንዝ፣
አንዳንድ በየአፉ፣ ለመንገደኛ ጓዝ፣
በጨረቃም ቢሆን፣ ከሩቅ እንዲታይ።

በሳምንቱ ሳልፍ፣ ስድስተኛው ድንጋይ፣
ትኩስ አፈር ለብሷል፣
ሌት የተዛቀ፣ ጥቁሩ አመድ ላይ።
ድንጋዩን በሽርጤ፣ አብሼ ጠርጌ፣
በዳር በዳር አለፍኩ፣
የተኛ እንዳለበት፣ ኮቴዬን ሸሽጌ።